ግሪሶፉልቪንና የዘረመል ጉዳት፦ የእንስሳት ሙከራዎች የመለሱትና ያልመለሱት ጥያቄ

መግቢያ

መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚያም ሆነ በሌሎች የሀገራችን የወረዳ ከተሞች የሚሠራ የጤና ባለሙያ ደጋግሞ ከሚያያቸው ሕመሞች አንዱ በተለምዶ ቆረቆር የምንለው የሕፃናት የራስ ቆዳ ፈንገስ ነው። ቅባት ብቻውን ቆረቆርን አያድንም፤ ፈንገሱ ወደ ፀጉሩ ሥር ዘልቆ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ለዚህም በሕክምና መመሪያዎቻችን ለረጅም ዘመን ሲመከር የኖረው ግሪሶፉልቪን ነው።

እንበልና አንዲት እናት ቆረቆር የያዘውን የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ መጣች። ከአጠገቧ በቅርቡ የተዳረችው የ19 ዓመት ሴት ልጇ ተቀምጣለች፤ ገላዋን ያለበሰው ጭርት በቅባት አልለቅ ብሏታል። ባለሙያው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ኪኒን አዘዘ። ለታናሹ ያዘዘው ትክክል ነው። ለታላቋ ያዘዘው ግን ስለ እርግዝና ሳይጠይቅ ከሆነ ስሕተት ነው። የዚህ ስሕተት ምንጭ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ስለ መድኃኒቱ የተጻፈው ነገር ራሱ ግራ የሚያጋባ መሆኑም ጭምር ነው። አንዱ መጽሐፍ መድኃኒቱ በባክቴሪያ ሙከራ የጂን ለውጥ እንደማያስከትል ይገልጻል። ሌላው ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ መድኃኒቱን በቡድን 2ቢ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት መካከል እንደመደበው ያስታውሳል። ሁለቱን ያነበበ ባለሙያ ወይ የመጀመሪያውን ይዞ ይዘናጋል፣ ወይ ሁለተኛውን ይዞ ይፈራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አባባሎች እውነት መሆናቸውን፣ የሚጋጩ የሚመስሉትም የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ በመሆናቸው ምክንያት መሆኑን ማሳየት ነው። «መድኃኒቱ ዘረመልን ይጎዳልን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የትኛውን ዓይነት ጉዳት፣ በየትኛው ሕዋስ ላይ፣ በምን ያህል መጠን የሚለው አብሮ ካልተጠየቀ የሙከራው ውጤት አንባቢውን ከመምራት ይልቅ ያሳስታል።

በአንድ ዓመት የታዩ ሁለት ግኝቶች

ግሪሶፉልቪን ከፔኒሲሊየም ወገን ከሆነ ሻጋታ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ያገኙት ኦክስፎርድ፣ ሬይስትሪክና ሲሞናር የተባሉ ተመራማሪዎች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእንግሊዝ አገር የእፅዋትን ሕመም ያጠኑ የነበሩ ባለሙያዎች የፈንገስ ክሮችን የሚያጠማዝዝ ንጥረ ነገር አግኝተው «አጠማዛዥ» የሚል ስም ሰጡት፤ ቆየት ብሎም ከግሪሶፉልቪን ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። ወደ ሕክምና የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1958 ጄንትልስ የተባለ የግላስጎው ተመራማሪ ጭርት በያዛቸው ጊኒ ፒጎች ላይ ሞክሮ በአፍ ሲሰጥ እንደሚያድን ካሳየ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው የታሪኩ ሌላ ገጽታ አለ። በዚያው በ1958 ፓጄትና ዋልፖል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች መድኃኒቱን በአይጦች ደም ሥር በመስጠት በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት መካከለኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ አሳዩ። ይህ ውጤት ኮልቺሲን ከሚያሳየው ጋር ይመሳሰላል። እንግዲህ የመድኃኒቱ ፈውስም ሆነ ጉዳት በእንስሳት ላይ የተገለጸው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ፈውሱ ወዲያውኑ በየፋርማሲው ተዳረሰ፤ የጉዳቱ ዜና ግን በልዩ ባለሙያዎች መጽሔት ውስጥ ቀረ።

ሁለቱ ግኝቶች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ሕዋስ ሲከፋፈል የተባዙትን ክሮሞዞሞች ወደ ሁለቱ ጎን የሚጎትቱ ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋሉ። እነዚህ ክሮች የሚሠሩት ቲዩቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ግሪሶፉልቪን ከዚህ ፕሮቲን ጋር በመያያዝ የክሮቹን ሥራ ያውካል። የፈንገሱ ቲዩቡሊን ከእኛው ይበልጥ ተጠቂ መሆኑና መድኃኒቱ በኬራቲን ውስጥ መከማቸቱ ሕክምናውን ጠቃሚ አድርጎታል። ይሁን እንጂ የእኛም ሕዋስ ቲዩቡሊን አለው፤ መጠኑ ሲጨምር ተጽዕኖው ወደ እኛም ይደርሳል።

ባክቴሪያው ለምን ዝም አለ?

ብሩስ ኤምስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ሙከራ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ በዓለም ዙሪያ የመጀመሪያ ማጣሪያ ሆኗል። ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ለራሱ መሥራት ያቃተው የሳልሞኔላ ዝርያ ለሚመረመረው ንጥረ ነገር ይጋለጣል፤ የጂን ለውጥ ከተከሰተ ባክቴሪያው ችሎታውን መልሶ ያገኝና ይራባል። የተራቡት ጉብታዎች ሲቆጠሩ መልሱ ይገኛል።

ግሪሶፉልቪን በዚህ ሙከራ የጂን ለውጥ አላሳየም። ሊያሳይም አይችልም ነበር ማለት ይቻላል። ባክቴሪያ ኒውክሊየስ የለውም፤ ክሮሞዞሙንም የሚለያየው እንደ እኛ ሕዋስ የቲዩቡሊን ክር ዘርግቶ አይደለም። የመድኃኒቱ ዒላማ በሌለበት ቤት ዒላማው አልተመታም ብሎ መደምደም ምስክር በሌለበት ችሎት ብይን እንደመስጠት ነው። ሙከራው የተፈጠረለትን ጥያቄ፣ ማለትም «የዲኤንኤ ፊደላት ተለውጠዋልን?» የሚለውን፣ በሚገባ መልሷል። ጥፋቱ የሙከራው ሳይሆን ይህን መልስ «ዘረመልን አይጎዳም» ብለው የተረጎሙት ጸሐፊዎች ነው።

ኮሜት ተብሎ የሚታወቀው ሙከራም ተመሳሳይ ወሰን አለው። እርሱ የሚያየው የዲኤንኤ ክር መበጠሱን ነው። ክሩ ሳይበጠስ አንድ ሙሉ ክሮሞዞም ወደተሳሳተው ወገን ቢሄድ ይህ ሙከራ አያስተውለውም። የግሪሶፉልቪን ዋና ጉዳት ደግሞ እንዲህ ያለው ነው፤ ክሮሞዞምን መስበር ሳይሆን አከፋፈሉን ማዛባት። ውጤቱም ከሚገባው በላይ ወይም በታች ክሮሞዞም የያዘ ሕዋስ መፈጠሩ ነው።

የአጥንት መቅኒው ሙከራና ድክመቶቹ

ይህን ዓይነቱን ጉዳት በሕያው እንስሳ ላይ ለማየት በስፋት የሚያገለግለው የማይክሮኒውክሊየስ ሙከራ ነው። የቀይ ደም ሕዋስ በመቅኒ ውስጥ ሲበስል ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል። በክፍፍሉ ጊዜ ወደኋላ የቀረ ክሮሞዞም ወይም የተሰበረ ቁራጭ ካለ ግን እንደ ትንሽ ነጥብ ሆኖ በሕዋሱ ውስጥ ይቀራል። ተመራማሪው አይጧን መድኃኒቱን ሰጥቶ፣ በተወሰነው ሰዓት መቅኒዋን ወስዶ፣ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ነጥቦቹን ይቆጥራል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ለዚህ ሙከራ ያወጣው ቁጥር 474 መመሪያ በየጊዜው ተሻሽሏል፤ በእያንዳንዱ እንስሳ ይቆጠሩ የነበሩት 2,000 ያልበሰሉ ቀይ ሕዋሳት እ.ኤ.አ. በ2014ቱ ማሻሻያ ቢያንስ 4,000 እንዲሆኑ ተወስኗል።

ቀላል የሚመስለው ይህ ሙከራ በብዙ ቦታ በችኮላ ይሠራል። የፀረ-ፈንገስ መድኃኒቶችን በተመለከተ የሚወጡ የዚህ ዓይነት ጽሑፎችን የሚያነብ የጤና ባለሙያ ወደ መደምደሚያው ከመሄዱ በፊት አምስት ነገሮችን እንዲመለከት እመክራለሁ።

አንደኛ፣ መድኃኒቱ መቅኒ ስለመድረሱ ማስረጃ ቀርቧልን? ግሪሶፉልቪን በውሃ እጅግ በጥቂቱ ብቻ የሚሟሟ ነው። በውሃ ተበጥብጦ በቱቦ ወደ አይጥ ሆድ የገባ ዱቄት ጉልህ ክፍሉ ሳይመጠጥ ከዓይነ ምድር ጋር ሊወጣ ይችላል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ካልተለካ፣ ወይም ያልበሰሉት ቀይ ሕዋሳት ድርሻ መቀነሱ ካልታየ፣ «ጉዳት አልታየም» የሚለው ውጤት «መድኃኒቱ አልደረሰም» ከሚለው ሊለይ አይችልም።

ሁለተኛ፣ ጉዳት ማድረሱ አስቀድሞ የታወቀ ንጥረ ነገር የወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን አለን? ብዙውን ጊዜ ለዚህ የሚመረጠው ሳይክሎፎስፋማይድ ነው። ይህ ግን ክሮሞዞም ሰባሪ ነው። የክሮሞዞም አከፋፈልን የሚያዛባ መድኃኒት ሲመረመር እንደ ኮልቺሲን ያለ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ማነጻጸሪያ ቢጨመር የላቦራቶሪው ዓይን ይህንን ጉዳት ማየት መቻሉ ይረጋገጣል።

ሦስተኛ፣ ነጥቡ ሙሉ ክሮሞዞም ነው ወይስ ቁራጭ? ሴንትሮሜርን ለይቶ የሚያሳይ ቀለም ወይም ፀረ-አካል ይህን ይመልሳል። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ አይደለም። ዲኤንኤን በቀጥታ ለሚሰብር ንጥረ ነገር ከጉዳት ነፃ የሆነ መጠን አለ ብሎ መናገር ያስቸግራል። ቲዩቡሊንን ለሚያውክ ግን በርካታ የፕሮቲን ቅንጣቶች በአንድ ጊዜ መያዝ ስላለባቸው ጉዳቱ የማይጀምርበት ዝቅተኛ መጠን እንደሚኖር ይታመናል። የሕክምና ውሳኔ በዚህ ላይ ይመሠረታል።

አራተኛ፣ ቆጣሪው የትኛው ስላይድ ከየትኛው ቡድን እንደመጣ ያውቅ ነበርን? በጥቂት ነጥቦች ልዩነት በሚወሰን ሙከራ የቆጣሪው ግምት ውጤቱን ሊያዘነብል ይችላል። ስላይዶቹ በሌላ ሰው በስውር ቁጥር መሰየም አለባቸው፤ ይህ ወጪ አይጠይቅም።

አምስተኛ፣ በስታቲስቲክሱ የተቆጠረው ምንድን ነው? አምስት አይጦች እያንዳንዳቸው 4,000 ሕዋስ ቢቆጠርላቸው የናሙናው ብዛት 5 ነው እንጂ 20,000 አይደለም። መድኃኒቱ የተሰጠው ለእንስሳዋ ነውና። ሕዋሳቱን እንደ ናሙና የሚቆጥር ጽሑፍ ከንቱውን ልዩነት ከፍተኛ ትርጉም ያለው አስመስሎ ሊያቀርብ ይችላል።

ከመቅኒው ይልቅ ለእኛ የሚያሳስበው የእንቁላሉ ጉዳይ ነው። የኢጣሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት ግሪሶፉልቪን በከፍተኛ መጠን የተሰጣቸው እንስት አይጦች እንቁላላቸው የመብሰል ክፍፍሉ እንደሚዘገይና ተጨማሪ ክሮሞዞም ያላቸው እንቁላሎች እንደሚበዙ አሳይተዋል። የመቅኒ ሙከራ የሚነግረን ስለ ራሷ ስለ አይጧ ነው፤ የእንቁላሉ ሙከራ የሚነግረን ግን ስለሚቀጥለው ትውልድ ነው። ከአይጥ እንቁላል ወደ ሴት እንቁላል በቀጥታ መሻገር ባይቻልም፣ የመድኃኒቱ አሠራር የታወቀ በመሆኑ ማስጠንቀቂያውን በቀላሉ መናቅም አይቻልም።

«መቶ እጥፍ ነው» የሚለው ማጽናኛ

የእንስሳት ሙከራ ሲነሳ በየስብሰባው የምንሰማው ማጽናኛ አለ፤ «ለአይጥ የተሰጠው ሰው ከሚወስደው መቶ እጥፍ ነው» የሚል። ይህን አባባል እንመርምረው።

50 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት በቀን 500 ሚሊ ግራም ግሪሶፉልቪን ብትወስድ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አንዲት አይጥ በኪሎ 1,000 ሚሊ ግራም ከተሰጣት በእርግጥም መቶ እጥፍ ይመስላል። ነገር ግን ትንሽ እንስሳ መድኃኒትን ከትልቅ እንስሳ ፈጥና ታስወግዳለች። ስለሆነም መጠን ከዝርያ ወደ ዝርያ ሲሸጋገር ከክብደት ይልቅ የሰውነት ገጽ ስፋት የተሻለ መነሻ እንደሚሆን ተቀባይነት አግኝቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ መሠረት የአይጥን መጠን ወደ አዋቂ ሰው ለመለወጥ በ3 አባዝቶ ለ37 ማካፈል ነው። 1,000 ሚሊ ግራም በዚህ ስሌት ወደ 81 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ከ10 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 8 እጥፍ ብቻ ነው። ሴትዮዋ በቀን 1 ግራም የምትወስድ ከሆነ ደግሞ 4 እጥፍ ይሆናል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ማካፈያው 25 ስለሆነ የአይጧ መጠን 120 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ልጁ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም የሚወስድ ከሆነ ልዩነቱ 6 እጥፍ ነው።

ይህ ስሌት የመጨረሻ እውነት አይደለም፤ የመምጠጥ ልዩነትን አያካትትምና። ሆኖም «መቶ እጥፍ» የሚለው ማጽናኛ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማሳየት ይበቃል። በኪሎ የተሰጠውን ብቻ ጽፎ ከሰው መጠን ጋር ሳያመዛዝን የሚያልፍ ጽሑፍ ለአንባቢው ከሚገባው ግማሹን ብቻ ሰጥቷል።

የጉበት ዕጢው ጉዳይ

በሌላው ወገን ደግሞ ከሚገባው በላይ የሚያስፈራ ንባብ አለ። ኸርስትና ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1963 ግሪሶፉልቪን በምግብ የተሰጣቸው አይጦች ጉበታቸው በፕሮቶፖርፊሪን ተሞልቶ፣ ጠባሳ ፈጥሮ፣ በመጨረሻም ዕጢ እንዳበቀለ ዘገቡ። ሩስቲያና ሹቢክ እ.ኤ.አ. በ1978 በአይጦች ላይ የጉበት፣ በትልልቆቹ የላቦራቶሪ አይጦች ላይ ደግሞ የእንቅርት ዕጢ ማየታቸውን አሳተሙ። ኤጀንሲው መድኃኒቱን በቡድን 2ቢ ሲመድብ በዋነኛነት የተመሠረተው በእንዲህ ያለው የእንስሳት ማስረጃ ነው።

እዚህም ላይ መጠኑን ማስላት ይገባል። 25 ግራም የምትመዝን አይጥ በቀን 4 ግራም ያህል ምግብ ብትበላና ከምግቡ መቶኛ 1 እጁ ግሪሶፉልቪን ቢሆን፣ በቀን 40 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በኪሎ 1,600 ሚሊ ግራም ትወስዳለች ማለት ነው። ይህንንም ለሳምንታት ሳይሆን ለወራት ነው። የቪየና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ከዚህ በላቀ መጠን መድኃኒቱን ሆን ብለው የአይጥን ጉበት ለማሳመም፣ የአልኮል ጉበት ሕመም ላይ የሚታዩትን የማሎሪ አካላት በላቦራቶሪ ለመፍጠር ተጠቅመውበታል። በአይጥ ጉበት ውስጥ መድኃኒቱ የሄም ምርትን ያውካል፤ ፖርፊሪን ይከማቻል፤ ጉበቱ ይቆስላል፤ የቆሰለው ጉበት ራሱን ለመተካት ያለማቋረጥ ይከፋፈላል፤ ዕጢውም በዚህ ሂደት ሊመጣ ይችላል። ይህ መንገድ ዲኤንኤን በቀጥታ ከመስበር የተለየ ነው። ስለዚህ የአይጧ ዕጢ ለስምንት ሳምንት የቆረቆር ሕክምና ለሚወስድ ልጅ መድኃኒቱን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ፖርፊሪያ ላለበትና ጉበቱ ለተጎዳ ሰው እንዳይሰጥ የሚለውን ክልከላ ግን በሚገባ ያብራራል።

የዘረመል ሙከራ ሁሉን እንደማይናገር ሌላው ምስክር ፍሉኮናዞል ነው። ይህ መድኃኒት በባክቴሪያም ሆነ በአይጥ መቅኒ በተደረጉት መደበኛ ሙከራዎች የዘረመል ጉዳት አላሳየም። ቢሆንም የአሜሪካው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት በቀን ከ400 እስከ 800 ሚሊ ግራም ለረጅም ጊዜ መውሰድ ከተፈጥሮ የአካል ጉድለት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ዘረመልን አለመጉዳትና ጽንስን አለመጉዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከእንዶድ የምንማረው

ይህ ሁሉ የውጭ አገር ላቦራቶሪ ወሬ ብቻ እንዳይመስል የራሳችንን ታሪክ እናስታውስ። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው እንዶድ ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚረዳ ተረዱ። እንዶድ በውሃ ውስጥ የሚጨመር፣ ሰውም የሚነካው ነገር ነውና የደኅንነቱ ጥያቄ ከመጀመሪያው ተነሣ። ዶ/ር አክሊሉ ከራሱ ከብሩስ ኤምስ ጋር በመሆን ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገሮችን ለጂን ለውጥ የመረመሩበትን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተሙ። የኤምስ ሙከራ ገና በአዲስነቱ ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት የገዛ አገሩን ዕፅ በሙከራው ማስፈተኑ ሊያኮራን ይገባል። እንዶድም በዚያ ሙከራ የጂን ለውጥ አላሳየም። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በደንቡ መሠረት የተሠራ ሙሉ የመርዛማነት ጥናት በመጠየቃቸው ሥራው ለዓመታት ዘገየ፤ የእንስሳት ደኅንነት ግምገማው ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። የመጀመሪያው ጥያቄውን በጊዜ ማንሳት ነው። ሁለተኛው አንድ ሙከራ ጅምር እንጂ ፍጻሜ አለመሆኑ ነው። በዛሬው ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለጭርትና ለቆረቆር የሚያገለግሉ ዕፀዋት ሲጠኑ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው የመርዛማነት ሙከራ ለአይጥ በኪሎ 2,000 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ሰጥቶ ለ14 ቀናት መከታተል ነው። አይጧ ካልሞተች ጽሑፉ «ዕፁ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ ከማስረጃው በላይ ይሄዳል። በ14 ቀን ያልሞተች አይጥ ስለ ክሮሞዞሟም ሆነ ስለምትወልደው ግልገል የነገረችን የለም። ለቆዳ ሕመም የሚቀባው የቁልቋል ወተት የሚመደብበት የዕፅ ወገን፣ ዲኤንኤን ሳይነኩ የዕጢን እድገት የሚያፋጥኑ ንጥረ ነገሮች የሚገኙበት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። እንዲህ ያለው ነገር በጂን ለውጥ ሙከራ አይያዝም።

ወደ መርሳ ስንመለስ

ከላይ የተዘረዘረው ለሕክምና ክፍሉ ምን ይፈይዳል? ቆረቆር ለያዘው የሰባት ዓመት ልጅ መልሱ ግልጽ ነው። መድኃኒቱ ይሰጠው፤ እንደ መመሪያው በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም በቀን፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። በፍርሃት ማቋረጥ ወይም መጠኑን ማሳነስ ፈንገሱን አያጠፋም፤ ልጁም ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ያስተላልፋል፤ የሚያጋጥመውም የፀጉር መመለጥና የእኩዮች መሳለቂያ መሆን ነው። መድኃኒቱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በተሻለ ሁኔታ ይመጠጣል። ልጁ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ከወተት ጋር ይውሰድ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ በሚኖርበት በሀብሩ ጾም የሚጾም አዋቂ ሲታከም ደግሞ ምክሩ በዚያው ይቃኝ። የዐቢይ ጾም ጿሚ ዘይት ከበዛበት ወጥ ወይም ከተልባ ጋር፣ የረመዳን ጿሚ ከኢፍጣሩ ማዕድ ጋር ሊወስደው ይችላል። ይህ ሳይነገረው መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ መጠኑ የሚጨመርለት ታካሚ ያለ ምክንያት ለበለጠ መጠን ይጋለጣል።

ለ19 ዓመቷ ሙሽራ መልሱ የተለየ ነው። ኪኒኑ ከመታዘዙ በፊት በአክብሮትና ብቻዋን ሆና ልትጠየቅ ይገባል። «እኅቴ፣ የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነበር? በሚቀጥሉት ወራት ለመውለድ ታስቢያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። እርጉዝ ከሆነች መድኃኒቱ አይሰጣትም፤ ጭርት ለሕይወት የማያሰጋ ሕመም ነውና የሚቀባ መድኃኒት ይሞከርላታል፣ የቀረውም ከወሊድ በኋላ ይደርሳል። እርጉዝ ካልሆነች ሕክምናውን እየወሰደች ሳለና ካቋረጠች በኋላ ለአንድ ወር እንዳታረግዝ ይነገራታል። ግሪሶፉልቪን የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ኃይል ሊያዳክም ስለሚችል ኪኒን ብቻ የምትጠቀም ከሆነ ኮንዶም ይታከልላት። እርግዝናን የሚያሠጋ መድኃኒት እርግዝናን የሚከላከለውን ሲያዳክም አደጋው እጥፍ ነው፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ግን በቃል ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ለወንዶችም አምራቾቹ የሚሰጡት ምክር አለ፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ለስድስት ወር ልጅ እንዳይወልዱ።

ሳታውቅ በእርግዝና መጀመሪያ መድኃኒቱን የወሰደች እናት ብትመጣስ? እ.ኤ.አ. በ1987 መድኃኒቱን ከወሰዱ እናቶች ተጣብቀው የተወለዱ መንትዮች ሁለት ሪፖርቶች በታላቅ የሕክምና መጽሔት መውጣታቸው ብዙዎችን አስደንግጧል። በሀንጋሪ የተወለዱ ሕፃናትን መዝገብ መሠረት ያደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ግን ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ የጉድለት ብዛት አላገኘም። በዚያ ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት እናቶች ጥቂት ስለነበሩ ትንሽ አደጋን ማስወገድ አይቻልም፤ ትልቅ አደጋ እንደሌለ ግን ያመለክታል። ስለዚህ እናቲቱ ጽንሷን እንድታስወርድ የሚገፋፋ ቃል ከባለሙያ አፍ መውጣት የለበትም። መድኃኒቱ ይቋረጥ፤ ክትትሏ ይጠናከር፤ አልትራሳውንድ ይታይላት።

ማጠቃለያ

ግሪሶፉልቪን ከስልሳ ዓመት በላይ ብዙ ሕፃናትን የፈወሰ፣ ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው መድኃኒቱን ሳይሆን ስለእርሱ የምናነብበትን መንገድ ነው። ዒላማው በሌለበት ባክቴሪያ የተገኘን ዝምታ እንደ ነፃነት ማስረጃ መቁጠር፣ በመቶ እጥፍ ማጽናኛ መዘናጋት፣ ወይም ለወራት በመድኃኒት ከተቀለበች አይጥ ጉበት ተነሥቶ ልጅን ሕክምና መንፈግ፣ ሦስቱም ከአንድ ጉድለት የሚመነጩ ናቸው፤ ሙከራው የተጠየቀውን ጥያቄ አለማየት።

በመሆኑም ተመራማሪዎች የመድኃኒቱን መድረስ፣ ተገቢውን ማነጻጸሪያና የሰውን ተመጣጣኝ መጠን በጽሑፋቸው እንዲያሳዩ፣ የመጽሔት ገምጋሚዎችም ይህ የሌለውን ጽሑፍ እንዲመልሱ፣ መድኃኒት አዳዮች በግሪሶፉልቪን ከረጢት ላይ ከመጠኑ ጎን «ለእርጉዝ አይሰጥም፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር» የሚለውን በአማርኛ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። ከዚያ ውጭ የሚያስፈልገው ሙሽራይቱን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ለዚህ ላቦራቶሪም፣ አይጥም፣ በጀትም አያስፈልግም።